ሆዱ ያልታየው ሳጥን

«እስቲ ሆዱ ይከፈትና እንየው» አሉ አቶ ዳኘው ለሦስተኛ ጊዜ፣ ማዶ ማሳ ላይ ያለ ሰው የሚጠሩ ይመስል።

ያምሮት የምትገባበት ጠፋት። የቡሬዋ የኮምፒውተር ሱቅ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። አባቷ አቶ ዳኘው በጋቢያቸውና በዱላቸው ግማሿን ይዘዋታል። የጎማ ጫማቸው ላይ ደግሞ የማንኩሳ ጭቃ ደርቋል። ጠዋት ሚኒባሱ ውስጥ ሲገቡ አይታው ነበር፤ ያኔ ምንም አልመሰላትም።

ያምሮት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቤተሰቦቿ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ያለ ገጠር ነው የሚኖሩት፤ እሷ ፍኖተ ሰላም አክስቷ ዘንድ ሆና ትማራለች። ሁለት ወር ሙሉ ያቀደችው ነገር ቢኖር ቤት ውስጥ የሚቀመጥ አንድ ሰርቨር፣ ሌሎች በስልካቸው የሚገቡበት ኮምፒውተር ነው። አንዱን ኮምፒውተር ሦስት ቦታ ከፍላ ሦስት ቨርቹዋል ማሽን ልታደርገው ነው፤ ሦስት ኮምፒውተር በአንድ ሳጥን ውስጥ ማለት ነው። በአንዱ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ትጭንበታለች፤ በየኪራይ ቤቱ ያሉ ጓደኞቿ ኢንተርኔት ሲጠፋ እሷ ግቢ መጥተው በስልካቸው ያነቧቸዋል። በሁለተኛው ፕሮግራም ትለማመዳለች። ሦስተኛው ለማበላሸት ነው፤ ሰው ሳያበላሽ አይማርም ብላ። አባቷ ነገሩ ባይገባቸውም ከዘንድሮው በርበሬ ድርሻዋን ለይተው አስቀመጡላትና «የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ አንቺው ያዥው» ብለው ገንዘቡን ጠዋት እጇ ላይ አኖሩት።

ሱቁ ውስጥ ለዚህ የሚሆኑ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉ። አንዷ ቢሮ ስታገለግል የኖረች፣ ጎኗ የተጫጫረ ትንሽ ግራጫ ናት። ሌላው ከፊቱ ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ትልቅ ጥቁር ሳጥን ነው።

«ያቺማ የፋራ ናት» አለች አምለሰት ግራጫዋን በአገጯ እያመለከተች። አምለሰት የያምሮት የክፍል ልጅ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ እየመጣች የወንድሟ የቴዎፍሎስ ሱቅ ውስጥ ትውላለች። «ትልቁን ውሰጂ። አሪፍ አይደል? ያበራል እኮ!»

«ራሙ አሥራ ስድስት ጊጋ ነው፣ አትጠራጠሪ» አለ ቴዎፍሎስ። ሦስት ማሽን በአንዴ ለማስነሣት ያን ያህል የማስታወስ አቅም ያስፈልጋታል።

«ተው እንጂ ልጄ፣ ክፈተው» አሉ አባቷ። «እኔ ዘንድ በርበሬ ሊገዛ የሚመጣ ሰው እጁን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ይሰዳል። ከላይማ ሁሉም ቀይ ነው። እኔም አልቆጣውም፤ ዕቃው ደህና የሆነለት ሰው ምን ያስቆጣዋል?»

አምለሰት ሳቋን በመዳፏ አፍና ወደ ያምሮት ተጠጋች። «ማናቸው እኚህ ሽማግሌ?»

«የሰፈራችን ሰው ናቸው» አለች ያምሮት። በዚያም ብታቆም ምናለበት፤ ግን ጨመረችበት። «ዕቃ ሊሸከሙልኝ ነው የመጡት።»

አባቷ በሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆመው ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉትን ገመዶች ያያሉ። ከዚያ በኋላ ክፈቱት አላሉም። ያምሮት ቶሎ ቶሎ ከፈለች፤ እሳቸውም ትልቁን ሳጥን በጋቢያቸው ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ አወጡትና ወደ መናኸሪያው ቀድመዋት ሄዱ።

ሚኒባሱ ውስጥ አባቷ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እሷ ከፊት ሆና አልሰሙም፣ አልሰሙም እያለች ራሷን ስታባብል ማንኩሳ ደረሱ። አባቷ ወርደው በመስኮቱ በኩል ረዳቱን ጠሩት።

«ልጄ፣ ፍኖተ ሰላም ስትደርሱ ለልጅቷ ሌላ ሸካሚ ፈልግላት።»

እሷን አላዩም። ያምሮት ፊቷ ጋለ፤ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ሚኒባሱ ተነሥቶ እስኪርቅ ድረስ አንገቷን ማዞር አልቻለችም።

ማታውኑ ሳጥኑን አክስቷ ቤት ጠረጴዛ ላይ አድርጋ አበራችው። ሰማያዊው መብራት አማረ። ስክሪኑ ላይ ግን ራም አራት ጊጋ የሚል ጽሑፍ ወጣ። አጥፍታ አበራችው፤ ያው አራት ነው። የመጀመሪያው ቨርቹዋል ማሽን እየተንፏቀቀ ተከፈተ። ሁለተኛውን ስታስነሣ ኮምፒውተሩ እንዳለ ደረቀ። ከጎረቤት ካቻቢቴ ተውሳ ጎኑን ፈታችው። ራም ከሚሰካባቸው አራት ቦታዎች ሦስቱ ባዶ ናቸው፤ አቧራ ብቻ ተኝቶባቸዋል።

ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣች። ሁለት ወር የጻፈችው ዝርዝር እዚያ አለ። ራም ከአሥራ ስድስት ጊጋ እንዳያንስ። መብራት የማይበላ ትንሽ ይሁን። ሦስተኛው መስመር ላይ በገዛ እጇ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምራ፣ «ሳይከፈት እንዳልገዛ» ብላ ጽፋለች። አባቷ ሲሉት ያሳፈራት ነገር እሷው የጻፈችው ነበር። ደብተሩን ዘግታ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች።

በማግስቱ አባቷ ደወሉ።

«ሠራ ወይ?»

«ሠርቷል፣ አባዬ።»

«እሰይ! እንኳንም ሠራልሽ» አሉ፤ ከልባቸው ነው ያሉት። ስለ ሱቁ አላነሡም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ትምህርት ቤት ውስጥ «መቼ እንምጣ?» ለሚሏት ሁሉ «እየጨረስኩ ነው» ስትል ከረመች። አምለሰትን ካየች በሌላ በር ትወጣለች። አርብ ማታ አክስቷ ንግሥቴ ሳጥኑን ከነተፈታ ጎኑ አይታ ጠየቀቻት፤ ያምሮትም የራሙን ነገር ብቻ ነገረቻት።

«ታዲያ መልሽዋ! አባትሽ አብረውሽ አልነበሩም? አሥራ ስድስት ብሎ ሲሸጥልሽ ሰምተዋል፤ ይመስክሩልሽ።»

ያምሮት ሳጥኑን ወደ ግድግዳው አዞረችው። ሸካሚ እንዴት ይመሰክራል? ለብቻዋ ብትሄድ ቴዎፍሎስ ሁለት ቃል ተናግሮ ይመልሳታል። ባትሄድ ደግሞ በአንዱ ማሽን እየተንፏቀቀች፣ ለጠየቃት ሁሉ ደህና ነው እያለች ትኖራለች፤ ማንም አያውቅባትም። ይህኛው ቀላል ነበር፤ እስከ እኩለ ሌሊትም ይህኛውን መርጣ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ሳጥኑን በነጠላ አዝላ ማንኩሳ ላይ ወረደች። ገበያው ዳር አባቷ በርበሬ ከሞሉ ጆንያዎች ጎን ተቀምጠዋል። አንድ ገዢ እጁን እስከ ክርኑ ሰዶ ከታች ያወጣውን በፀሐይ ያያል። ሰውየው እስኪሄድ ቆማ ጠበቀች።

«አባዬ፣ ዋሽቼዎታለሁ።»

አባቷ የጆንያውን አፍ አጠፉ። «የትኛውን?»

«ሁለቱንም» አለች፤ እንባዋም መጣ።

አባቷ የጆንያውን አፍ በገመድ አሰሩ። ከዚያ ጆንያዎቹን ለጎረቤታቸው ለዘሩ አደራ ሰጡና ዱላቸውን አነሡ። እጃቸውን ወደ ሳጥኑ ሲዘረጉ ያምሮት ወደ ኋላ ሸሸች።

«አይ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የምሸከመው።»

ቡሬ ሲደርሱ አምለሰት እንደ ባለፈው ሳምንት ሱቁ ውስጥ ነበረች። ቴዎፍሎስ ሳጥኑን ሲያይ ገና ከሩቁ ጀመረ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ደግሞስ አሥራ ስድስት ያለሽ ማነው?»

«አንተ ነሃ! አባቴም ሰምተዋል።»

«አባትሽ?» አለች አምለሰት፤ ዓይኗ ከጋቢው ወደ ጎማ ጫማው፣ ከጎማ ጫማው ወደ ያምሮት ሄደ።

ያምሮት ወደ አባቷ ተጠጋች። «አዎ፣ አባቴ ናቸው» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ፤ ማዶ ማሳ ላይ ያለ ሰው ይሰማው ነበር። «ባለፈው የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

አምለሰት ስልኳ ላይ አቀረቀረች። ቴዎፍሎስ ክፍቱን ሳጥን አየ፣ ባዶዎቹን ሦስት ቦታዎች አየ፣ አባቷን አየ። ጥቂት አጉረመረመና ግራጫዋን ኮምፒውተር ከመደርደሪያ አወረደ። «እሺ፣ በዚህች ልቀይርልሽ። የእሷስ ራም ሙሉ ነው።»

ያምሮት ከቦርሳዋ ካቻቢቴውን አወጣችና በሁለት እጇ ለአባቷ ዘረጋችላቸው።

«አባዬ፣ ይክፈቱልኝ።»

አቶ ዳኘው ካቻቢቴውን ተቀብለው ግራጫዋን ሳጥን ወዲያና ወዲህ አገላበጧት። ብሎኑ የቱ ጋ እንዳለ ጣታቸውን ይዛ አሳየቻቸው።

«እዚህ ይጨልማል» አሉ። «በሩ ጋ አውጪልኝ።»

ያምሮት ኮምፒውተሯን አቅፋ ወደ በሩ ወጣች፤ አባቷም ተከተሏት።