ቀለም የሌላት ቀዳዳ

ጡረተኛው ዳኛ የሞቱት ኮምፒውተራቸው ፊት፣ ማይክሮፎን ያለው ማዳመጫ ጭንቅላታቸው ላይ እንዳለ ነው። መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሳም ነበር። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ አርፋለች። ጉልበቷ ካስቸገራት ቆይቷል፤ ጡረታ ልትወጣም ሁለት ወር ነው የቀራት።

ዳኛው አስም ነበረባቸው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ የስልክ እጀታ መያዝ ትተው፣ መስመሩን በሞደም ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝተው በማዳመጫው ነበር የሚያወሩት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከዐሥር ላይ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ክሊኒክ ደወሉ። ነርሷ «ሄሎ፣ ሄሎ» አለች። ድምፅ የለም፤ ዘጋች። ሁለት ጊዜ ደግመው ደወሉ፤ ያው ነው።

«ሥራ ፈት የሚቀልድብን መስሎኝ ነው» አለች ነርሷ፣ መርማሪዋ ስትደውልላት። ከዚያ አለቀሰች።

ለፖሊሶቹ ነገሩ ያለቀለት ነበር። ትናንት ከሰዓት ቴክኒሺያን መጥቶ ኮምፒውተሩን ነክቷል፤ እንግዲህ ያበላሸው እሱ ነው። በካቴና አስረው ወጥ ቤት በርጩማ ላይ አስቀምጠውታል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ጎረቤቱ ሁሉ በበሩ እያለፈ አንድ አንድ ቃል ወርውሮበታል።

«ሠርተህ ስትጨርስ ሞክረኸው ነበር?» አለችው መርማሪዋ።

«እንዴታ። ሱቄ ደውዬ ባለቤቴን አነጋገርኳት። ጥርት ብሎ ይሰማታል።»

«የባለቤትህን ቃል ማንም አይቀበልህም።»

«አውቃለሁ።» ካቴናውን አየ። «እስሩስ ይሁን። ሰው ገደለ ከተባልኩ በኋላ ግን ማን ቤቱን ይከፍትልኛል?»

የዳኛው ልጅ ልብስ ሰፊ ናት። ክፍሏ ውስጥ ክሮቹ ከነጭ እስከ ጥቁር በየቀለማቸው ተደርድረዋል፤ አንድም ከቦታው የወጣ የለም። ዓይኗ አብጧል።

«አባዬን የበላው ያ ሰው ነው» አለች። «ይፍረዱልኝ።»

«ጠዋት ምን ስትሠሪ ነበር፣ ልጄ?»

«እንደ ሁልጊዜው። አባዬ ሊታጠብ ሲገባ ክፍሉን አጸዳሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ቀሚስ ላደርስ ወጣሁ። ቆይ ብሎኝ ቢሆን ኖሮ . . .»

አስከሬኑን ያገኙት የዳኛው ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ሰዓት ጠጋኝ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እንደመጡ ተናገሩ።

«ጋሼ ትናንት ማታም ደውለውልኝ ድምፃቸው አይሰማም ነበር» አሉ። «ከትናንት ጀምሮ ተበላሽቷል ማለት ነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

ሰዓት ጠጋኙ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ንጹሕ ነበር።

መርማሪዋ ቴክኒሺያኑን አስፈትታ ኮምፒውተሩ ጋ ወሰደችው። አስከሬኑ ተነስቷል። መጀመሪያ ድምፅ ቀዳች፤ «አንድ፣ ሁለት» ያለችው መልሶ ተሰማ። ማይክሮፎኑ ደህና ነው። ከዚያ በዚያው ኮምፒውተር ቢሮዋ ደወለች። ተረኛው «ሄሎ» ብሎ ብሎ ተሳድቦ ዘጋ።

ቴክኒሺያኑ በኮምፒውተሩ ጀርባ አጎነበሰ። «የማይክሮፎኑን ሮዝ ሽቦ ሮዙ ቀዳዳ ውስጥ ማን ከተተው?»

«አስረዳኝ።»

«ሁለት ቀዳዳ አለ። ሮዙ ድምፅ ለመቅዳት ነው። ስልክ የሚያስተላልፈው ግን ሞደሙ ላይ ያለው ነው፤ እሱ ቀለም የለውም። እኔ እዚያ ነው የሰካሁት።»

መርማሪዋ የጥሪዎቹን ዝርዝር አስከፈተችው፤ አነበበችና ፋርማሲ ደወለች። ከዚያ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። ቆማ መናገር ስላልቻለች ተቀመጠች።

«ዳኛው ዛሬ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፋርማሲ ደውለው አራት ደቂቃ አውርተዋል። ፋርማሲስቷ ሲያጫውቱኝ ነበር ትላለች። ስለዚህ ትናንት የተሠራው ደህና ነበር። ይህ ሰው ነጻ ነው።»

ቴክኒሺያኑ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ሽቦው የተነቀለው ከዚያ ወዲህ ነው። እርስዎ ደግሞ» አለች ወደ ሰዓት ጠጋኙ ዞራ፣ «ማታ ደወሉልኝ ያሉት ዝርዝሩ ላይ የለም። ለምን ዋሹ?»

«ተሳስቼ ይሆናል።»

«አልተሳሳቱም። ሞደሙ ሲገጠም እዚህ ነበሩ?»

«እሱ ራሱ ነው ለጋሼና ለእኔ ያሳየን» አሉ ቀስ ብለው፣ ቴክኒሺያኑን እያዩ።

«ታዲያ ዛሬ ሲገቡ ሽቦው የት እንደተሰካ አዩ። የማን እጅ እንደሆነም ገባዎት። ከዚያ ትናንት ላይ አላከኩት።»

«ተዪው» አሉ ሰዓት ጠጋኙ። «በእናትሽ፣ እህቴ፣ ተዪው።»

መርማሪዋ እዚህ ጋ ሁልጊዜ ይደክማታል። ሠላሳ ዓመት ሠርታም አልለመደችውም።

«በጉልበት የተነቀለ ነገር የለም፤ የተሰበረም የለም» አለች። «የኮምፒውተሩ ጀርባ አቧራ እንኳ የለውም። ሮዝ ሽቦ ሮዝ ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል። ቦታውን የሳተ መስሎት ያስተካከለ ሰው ሥራ ነው።»

ልጅቷ መጀመሪያ አጎቷን አየች። ከዚያ እጆቿን አየች።

«ስጠርግ ወለቀብኝ» አለች። «ቀለም የሌላት ውስጥ ነበር። ያ ሰው በግዴለሽነት የሰካው መሰለኝ። ሮዙን ወደ ሮዙ መለስኩት። አጎቴ፣ እኔ ነኝ እንዴ?»

አጎቷ ወደ መርማሪዋ ዞሩ። «እሱ ስድስት ወር ታስሮ ይወጣ ነበር። እሷ አሁን ከዚህ መቼ ትወጣለች?»

«አላውቅም» አለች መርማሪዋ። «የእሷን ሸክም ግን በሌላ ሰው ልጅ ላይ ጭነው ሊሄዱ አይችሉም። ሕግ አይጠይቃትም፤ ያንን እኔ እጽፋለሁ።»

ቴክኒሺያኑ የታሰረበትን የእጁን አንጓ እያሸ መጣ። «ጥፋቱ ከእኔም አለበት» አላት ልጅቷን። «ቀለም እንደሌላት አውቃለሁ። አንድ ፕላስተር ብለጥፍባት ምን ነበረበት?» አጎንብሶ ሽቦውን ወደ ቦታው መለሰው።

ልጅቷ ማዳመጫውን አንስታ ራሷ ላይ አደረገች። የክሊኒኩን ቁጥር ስትጫን ማንም አልከለከላትም። የነርሷ ድምፅ በድምፅ ማጉያው ወጣ።

«ሄሎ?»

ልጅቷ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አቀረበች።

«ሄሎ? አልዘጋም» አለች ነርሷ ቶሎ ብላ። «ማንም ይሁኑ፣ አልዘጋም። እዚሁ ነኝ።»

«ይሰማል?» አለች ልጅቷ።

«ይሰማል፣ እህቴ። በደንብ ይሰማል። ምን ልርዳሽ?»