ሁለት ከረጢት አፈር

«ሁለቱም አሉ?»

«አሉ።»

ጉንዳን የበረዶ ሳጥኑን በመኪናው መስኮት አቀበለችው። በእርሻው የሚያውቋት በመድኃኒት ረጪነት ነው። ጉንዳን የሚላት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ይኸው መሪው ላይ ተቀምጧል። የምስጢር ስሙ አጎቴ። ሁለቱንም እዚህ የላካቸው የእርሻ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው፤ የስለላ ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው።

በሳጥኑ ውስጥ ሁለት ከረጢት አፈር አለ። አንዱ ፀረ ተባይ ዘወትር ከሚረጭበት የብርቱካን ረድፍ፣ ሌላው መድኃኒት ነክቶት ከማያውቀው አጥር ጥግ የተዛቀ። በተረጨው ውስጥ አፈሩን የሚያኖሩት ባክቴሪያዎች አልቀዋል። የወደቀ ቅጠል አይበሰብስም፤ ዛፉም ማዳበሪያ ተከምሮለት ይራባል። የመሥሪያ ቤቱ ቤተ ሙከራ ይህን ካላረጋገጠ የእርሻው ባለቤት ኩባንያ ያንኑ መድኃኒት ለሸለቆው ገበሬ ሁሉ ሊያድል ነው። ከገበሬዎቹ አንዱ የጉንዳን አባት ነው።

አጎቴ ከረጢቶቹን ከበረዶው አወጣ። ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ፀሐይ ላይ አሰጣቸው።

ጉንዳን ክው አለች።

«ፀሐይ የመታው አፈር ምስክር አይሆንም» ያላት ራሱ ነበር። ከረጢቶቹን ቢጥላቸው አለቆቹ ይጠረጥሩታል። በሁለቱም ውስጥ ባክቴሪያዎቹ ሞተው ከደረሱ ግን ኩባንያው «ሙቀት ነው የገደላቸው» ብሎ ይገላገላል። ይህን ጀማሪ እንኳ አይስተውም።

ሸጧታል።

«ሳጥኑ ውስጥ አይሻልም?»

«ተይው፣ አሁን እደርሳለሁ።» ዓይኗን አላየም። «አንቺ እዚሁ ቆይ። የጥበቃ ኃላፊው ይፈልግሻል።»

ባለፈው ወር ኃላፊው ያስጠራው የቧንቧ ሠራተኛ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ክንዷን በመስኮቱ ሰደደች። ከረጢቶቹን አፈፍ አድርጋ ሮጠች።

«ያዟት!» ብሎ ጮኸ አጎቴ ለጥበቃዎቹ።

በዛፎቹ መሀል በረረች። ከኋላዋ የጫማ ድምፅ እየቀረበ ነው። ማሸጊያ ቤቱ በር ላይ አንድ ክፍል አብራት የምታድረው ጓደኛዋ ቆማለች። ሠራተኛው ሁሉ ሬዲዮ ይላታል፤ ጧት የሰማችውን ማታ አገር ያውቀዋል። ጉንዳን አንድም ቀን እውነት ነግራት አታውቅም።

«ምነው እህቴ? ጅብ ያባረረሽ መሰልሽ!»

«እትዬ፣ ሊይዙኝ ነው። ምንም አትጠይቂኝ።»

ሬዲዮ ከረጢቶቹን አየች። ወደ ውጭ አየች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጠይቅ ቀረች። ጉንዳንን ጎትታ ፍራፍሬ የጫነው ማቀዝቀዣ መኪና ውስጥ፣ ከሳጥኖቹ ጀርባ አስገባቻትና በሩን ዘጋችው።

ጨለማ። ብርድ።

«የት ገባች?» የአጎቴ ድምፅ ነው።

«ማን?»

«አትቀልጂ! ረጪዋ!»

«እኔ የምቆጥረው ብርቱካን ነው ጋሼ፣ ሰው አልቆጥርም።»

ጥፊ ጮኸ። ጉንዳን አፏን በእጇ አፈነች። በሩን ልትከፍት ከጀለች። ሁለተኛ ጥፊ። ልክፈት፣ አሁን ልክፈት አለች በልቧ። አልከፈተችም። ስለ አባቷ ብላ ነው፤ ደግሞም ፈርታ ነው።

«እሺ፣ ለኃላፊው ትናገሪያለሽ» አለ አጎቴ።

ሬዲዮ አልተነፈሰችም። ማቀዝቀዣው መኪና ተነሳ።

ገበያ ላይ ጭነት ሲራገፍ ጉንዳን ከወዛደሮቹ ጋር ተደባልቃ ወረደች። አፈሩን ለማንም ሳታምን በገዛ እጇ ቤተ ሙከራው ድረስ ወሰደችው። መርማሪዋ ሁለቱንም ፈትሻ ቀና አለች።

«አንዱ ደህና ነው። መንገዱ አልጎዳውም። ሌላው ግን አንድም ባክቴሪያ አልተረፈበትም፤ አፈር ሳይሆን አሸዋ ነው በይው።»

መድኃኒቱ ታገደ። የአባቷ ማሳ ሳይነካ ቀረ። አጎቴም ተያዘ። ጉንዳን የመሥሪያ ቤቷን አለቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«አብራኝ የምታድረው ጓደኛዬስ?»

«ኃላፊው ዘንድ ገብታለች። ስትወጣ ያየ የለም።»

አሁን ጉንዳን የኃላፊው ሰዎች እንዳያገኟት ሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም ልብስ ትሰፋለች። አዲሶቹ ባልደረቦቿ «ዝምተኛዋ» ይሏታል።

«አንቺ፣ እንዳንቺ አፉን የሚይዝ ሰው አይተን አናውቅም!» ብለው ሳቁባት አንድ ቀን።

እኔ አይቻለሁ፣ ስሟም ሬዲዮ ነበር ልትላቸው ፈለገች። በሩ ተከፈተ። የማታውቀው ሰው ገባ።

አንገቷን ደፍታ መስፋቷን ቀጠለች።