ልጄን ጣሉልኝ

ወላጅ ርዕሰ መምህር ቢሮ የሚመጣው ልጁ ስትወድቅ ነው። አንዲት ፀጉር ሠሪ ግን ልጇ በማለፏ ተቆጥታ መጣች። የሥራ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም።

«ልጄን ጣሉልኝ» አለች፣ የውጤት ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ የሒሳቡን ሃምሳ በጣቷ እያሳየች።

ርዕሰ መምህሩ ጆሮውን ተጠራጥሮ የሒሳብ መምህሩን አስጠራ። ይህን መምህር ተማሪዎቹ «እንደምታዩት» ይሉታል፤ ያለዚህች ቃል አንድ ስሌት ጨርሶ አያውቅም።

«እህቴ፣ ልጅዎ ዓይነ ስውር ናት» አለ ርዕሰ መምህሩ። «ሒሳብ ደግሞ ዓይን ይፈልጋል። ክፍል ገብታ ታዳምጣለች፤ በፈተና ግን አናስቸግራትም። ሃምሳዋን ሰጥተን አሳለፍናት። አዝነንላት ነው።»

«እሷ መቼ አለፈች? ያለፋችኋት እናንተ ናችሁ። ሳይማር የሚያልፍ ሟች ብቻ ነው፤ የኔ ልጅ ደግሞ ይኸው በር ላይ ቆማለች።»

የሒሳብ መምህሩ ቅር አለው። «ምን በደልናት? ስንት ዓይናማ ሲያጠና አድሮ ያላገኘውን በነፃ ሰጠናት።»

«የዘንድሮው ሐዘናችሁ ለከርሞው ሰባተኛ ክፍል ይበቃታል?»

ልጅቷ ተጠርታ ገባች። ርዕሰ መምህሩ ድምፁን አለስልሶ፣ «የኔ ሆድ፣ ዘንድሮ በሒሳብ ምን ተማርሽ?» አላት።

«ይሄንን ከዚያኛው ላይ ስንቀንሰው ይቺን እናገኛለን፣ እንደምታዩት» አለች፣ የመምህሩን ጉሮሮ ጠረጋ እንኳ ሳታስቀር። «ዓመቱን ሙሉ ይኸው ነው። ‹ይቺ› ማን እንደሆነች ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።»

ርዕሰ መምህሩ ሳቁን በሳል ሸፈነው። መምህሩ አልሳቀም።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ጠይቄዎት ነበር፣ ቲቸር። ‹አንቺ አትጨነቂ› አሉኝ።»

ማለቱን አስታወሰ። ያኔ ደግነት መስሎት ነበር።

«ሃምሳውን ሰርዙና አስተምራችሁ ፈትኗት» አለች እናትየው። «ከዚያ ብትወድቅ የራሷ ውድቀት ነው፤ አልከሳችሁም።»

ርዕሰ መምህሩ ደንብ አነሳ። እንደሷ ላሉ ልጆች የተከፈተው ልዩ ትምህርት ቤት እንደሚሻላትም አነሳ። እናትየው ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ሃምሳው ሳይሰረዝ እንደማትነሳ ከአቀማመጧ ያስታውቅ ነበር። ተሰረዘ።

በእረፍቱ ወራት መምህሩ ክፍሉን ለሷ ከፈተ። የሚጽፈውን ሁሉ ጮክ ብሎ መናገር ለመደ። ሦስት ማዕዘን ሲያስተምር ካርቶን ላይ ሲባጎ ለጥፎ በጣቷ እንድትከተለው አደረገ። አንዳንዴ ምላሱ ያመልጠውና «እንደም...» ሲል፣ «ማን?» ትለዋለች።

ከዚያ ፈተናው ተነበበላት፤ በቃሏ መለሰች። ወደቀች።

መምህሩ መናገሩ ከበደው። «ትንሽ ነው የጎደለሽ» አለ፤ እጁ ጎዶሎውን ሊሞላ እየቃጣው።

«እንዳይሞሉልኝ» አለች። «የቱን ነው የሳትኩት?»

ወገኖቼ፣ እንደሷ ያሉ ልጆች ሐዘን አላነሳቸውም፤ ከሚያዝንላቸው ብዛት መተላለፊያ አጥተዋል። ያጡት የሚያስተምራቸውን ነው። ሰው ተቀምጦም ማዘን ይችላል፤ ማስተማር ግን መነሳት ይጠይቃል።

መምህሩም ተነሳ። ካርቶኑን አምጥቶ ፊቷ አኖረው።

«ሦስተኛውን ስተሻል፤ ስምንተኛውንም። ጣትሽን አምጪ።»

«ስምንተኛው እንኳ ያከራክራል» አለች፣ ጣቷን እየዘረጋች።