ያመለጠ መኪና የት ይሄዳል?

ከትምህርት ቤቱ በታች፣ ቁልቁለቱ አልቆ መንገዱ ደልደል በሚልበት ቦታ፣ አንዲት መስኮት ብቻ ባላት ክፍል ውስጥ ሦስት ነፍሶች ይኖሩ ነበር። ባልና ሚስት፣ እንዲሁም ስምንት ዓመት ሙሉ ተለምና፣ ተለቅሶላት፣ ሐኪሙም ጎረቤቱም ተስፋ ከቆረጠ በኋላ የመጣች አንዲት ሴት ልጅ። ከእሷ ሌላ ልጅ እንደማይኖራቸው ለእናቲቱ የተነገራት በወለደች ቀን ነው። እናት የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ማሽኗን መስኮቱ ሥር ያደረገችው ለብርሃኑ ብላ ብቻ አልነበረም፤ ልጇ ከትምህርት ቤቱ በር ወጥታ፣ ግራና ቀኝ አይታ፣ መንገዱን ተሻግራ ቁልቁል ስትመጣ ለማየት ነበር። በዚያ መንገድ ከባድ መኪና እንዳያልፍ የሚከለክል ምልክት ተተክሏል። ስለዚህ መደርደሪያዋ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች አንድም ቀን ተንጫጭተው አያውቁም። ምስኪን እናት! ያ ጸጥታ ለዘላለም የተሰጣት መስሏት ነበር።

አባት የሚኒባስ ታክሲ ሹፌር ነው። ጓደኞቹ ስሙን ትተው «ባለመብራቱ» ይሉታል፤ የሚሉትም በፍቅር ነው። ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ ካየ፣ ከወዲያ ለሚመጣው መኪና ሁሉ የፊት መብራቱን ሁለት ጊዜ ብልጭ ሳያደርግ አያልፍም። ሁለት ጊዜ ብልጭ ማለት «ወንድሜ፣ ትራፊክ አለልህ» ማለት ነው። ያኛውም እጁን ከመሪው ብድግ አድርጎ ያመሰግናል፤ ቀበቶ ያላሰረው ያስራል፣ የሚከንፈው ይቀዘቅዛል፣ ጉድ ያለበት መንገድ ይቀይራል። ሌሎችም ሹፌሮች ያደርጉታል፤ እሱ ግን እንደ ጽድቅ ሥራ ነበር የያዘው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁን ጋቢና አስቀምጦ ሲሠራ እሷም ነገሩን ለመደችውና፣ «አባዬ ትራፊክ! አብራለት!» እያለች ትጮህ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ስታስብ ቆየችና ጠየቀችው።

«አባዬ፣ ለክፉ ሹፌርም ታበራለታለህ?»

«መንገድ ላይ ክፉና ደግ የለም፣ የኔ እናት። ሁላችንም ሹፌር ነን።»

ልጅ ናትና አመነችው።

የባለመብራቱ ታላቅ ወንድም መካኒክ ነው። ከጋራዡ በር ላይ አሮጌ ጎማዎች ተደርድረዋል፤ ተራ የሚጠብቁ ባለመኪኖች እዚያ ላይ ተቀምጠው ሁልጊዜ የሚጨቃጨቁት በአንድ ነገር ነው። ሰውን የሚፈጀው ማነው? ባለታክሲው ገልባጩን ይከሳል፣ ገልባጩ የቤት መኪና ነጂውን፣ የቤት መኪና ነጂው ባለታክሲውን፤ ሦስቱም ሲደክማቸው ደግሞ እግረኛውን። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! በዚያ ሰኞ ጠዋትም አንዲት የቤት መኪና የምትነዳ ነርስ ነበረች የጀመረችው።

«እናንተ የምትሰብሩትን የምንጠግነው እኛ ነን» አለች። «ታክሲ እኮ ሰው ካየ የት እንደሚቆም እሱ ራሱ አያውቀውም!»

«አንቺ ደግሞ እህቴ፣ በሁለተኛ ማርሽ ተወልደሽ በሁለተኛ ማርሽ የምታረጂ ነሽ» አላት ባለመብራቱ። ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ።

መካኒኩ ግን አልሳቀም። ከአንድ ገልባጭ መኪና ሥር ወጥቶ ያለቀ የፍሬን ሸራ ለሹፌሩ አሳየው። «ይሄ ወረቀት ሆኗል። ሳልቀይረው ከዚህ አትወጣም። ሳይቃጠል በቅጠል።»

«አለቃዬ ዛሬ አሸዋ ካላራገፍክ ቁልፉን አስረክብ ብሎኛል» አለ የገልባጩ ሹፌር፤ ድምፁ የልመና ነበር። «ሦስት ልጆች አሉኝ። እስከ ሐሙስ ልሥራበትና አርብ በጠዋት አመጣልሃለሁ።» ጎማውን ራሱ መልሶ አሰረና፣ መካኒኩ እየጮኸበት አስነስቶ ሄደ።

«ግድ የለም፣ ትራፊክ ያስቆመዋል» አለ መካኒኩ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። ወደ ታናሽ ወንድሙም ዞረ። «እንደ አንተ ያለው ካላሾለከው።»

«ጋሼ ደግሞ! የሰው ጉሮሮ ይዘጋ ነው የምትለው?»

«እሺ፣ ከትራፊክ ያመለጠ መኪና የት እንደሚሄድ ታውቃለህ?»

«ወደ ቤቱ ነዋ!»

አሁንም ሳቅ ሆነ። ነርሷ እንኳ አፏን ይዛ ሳቀች።

ሐሙስ ለምሳ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ትራፊክ ፖሊሶች ዋናው መንገድ ላይ ከባድ መኪና እያስቆሙ ፍሬን ይፈትሹ ነበር። ባለመብራቱ ተሳፋሪ ጭኖ አለፋቸው። ትንሽ እንደሄደ ያ ገልባጭ አሸዋውን ጢም አድርጎ ከፊት ለፊቱ ሲመጣ አየው። አየው ብቻ አይደለም፣ አወቀው! ያንን የፍሬን ሸራ በገዛ ዓይኑ አይቶታል፤ የወንድሙ ቃል ገና ከጆሮው አልወጣም። ከገልባጩና ከፖሊሶቹ መሃል ያለው አንድ መታጠፊያ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ትምህርት ቤቱ ቁልቁለት የሚያስገባው። ወይ እጅ! ስንት ዓመት ሙሉ የለመደች እጅ ከልብ ቀድማ ሄደች። ሁለት ጊዜ ብልጭ! የገልባጩ ሹፌር እጁን አንስቶ አመሰገነ፣ ፍሬቻ አሳየና ታጠፈ። ባለመብራቱ በመስታወቱ ውስጥ አየውና ፈገግ አለ። ደግ ሥራ የሠራ ሰው ፈገግታ ነበር... ከዚያ በኋላ ያን ፈገግታ ስንት ጊዜ ረገመው!

እናት መስኮቷ ሥር ለልጇ አዲስ ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር፤ የቀራት አንድ እጅጌ ነው። ቀና ስትል ልጇ ከትምህርት ቤቱ በር ወጣች። ግራ አየች። ቀኝ አየች። መንገዱ ባዶ ነበር፤ መሻገር ጀመረች። ከላይ ከጠመዝማዛው ገልባጩ ጡሩምባውን እያስጮኸ ብቅ ያለው ይኼኔ ነው። ሹፌሩ ፍሬኑን በሁለት እግሩ ቆሞበታል፤ መኪናው ግን የሚሰማ አልነበረም። እናት ጮኸች... ጩኸት መኪና ያቆማል? ገልባጩ ትምህርት ቤቱን አለፈ፣ ቤቷንም አለፈ፣ ከታች ያለው ግንብ ላይ ተላትሞ ቆመ። በቤቷ በር ሲያልፍ መደርደሪያዋ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ተንጫጩ።

አባት ስልክ ተደውሎለት እየበረረ ሲደርስ መጀመሪያ ያየው ልጁን ሳይሆን ገልባጩን ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለቻቸው ያቺው የጋራዡ ነርስ ነበረች፤ የልጅቷን ጫማ አውልቃ ለእናትየው አስታቀፈቻት። ሐኪሞቹ የቻሉትን ሁሉ አደረጉ። ልጅቷ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለአፍታ ዓይኗን ገለጠችና አባቷን ፈለገች።

«አባዬ... ግራና ቀኝ አይቼ ነበር እኮ» አለችው። «እማዬ እንዳትቆጣኝ...»

«ማንም አይቆጣሽም፣ የኔ እናት። ማንም!»

ሌላ አልተናገረችም። ስምንት ዓመት የተጠበቀች፣ ዘጠኝ ዓመት የኖረች ልጅ፣ ጥፋተኛ እንዳልሆነች ለማስረዳት እየተጨነቀች አለፈች። ጥፋተኛው አጠገቧ ተንበርክኮ እጇን ይዞ እንደነበር ማን ይንገራት?

ለቅሶው ላይ ሹፌሮች ሁሉ መጡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ክርክሩ እንደገና ተነሳ። አንዱ ጥፋቱ የአለቃው ነው አለ፣ አንዱ የመንገድ ሠሪው፣ አንዱ የመንግሥት። ከሁሉም በላይ የጮኸው ባለመብራቱ ነበር። «ይሰቀል!» አለ። «ፍሬን የሌለው መኪና እየነዳ ልጄን የበላ ሰው ይሰቀል!» ሰው ሁሉ እውነቱን ነው ብሎ አብሮት አለቀሰ። መካኒኩ ብቻ ጥግ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አለ በመጨረሻ። «ያ ሰው አሸዋ የሚያመላልሰው በዋናው መንገድ ነው። ያን ቀን በትምህርት ቤቱ ምን አስገባው?»

«እኔ ምኑን አውቄ ጋሼ!» አለ ባለመብራቱ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብሎ ካደ። ሆድ ይፍጀው ብሎ የተቀበረ ነገር ግን ሆድን ራሱን ይፈጃል። መብላት ተወ፣ እንቅልፍ ጠላ። ሚስቱ በሐዘን የከሳ መስሏት እየተነሳች ውሃ ታጠጣው ነበር። እንዴት ያለ መራራ ውሃ!

ከአራት ወር በኋላ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው የገልባጩን ሹፌር ጠየቁት። «ለከባድ መኪና የተከለከለ መንገድ ነው። ለምን ገባህበት?»

ሰውየው ቀስ ብሎ ዞረና ባለመብራቱን አየው። ባለመብራቱ ላብ አጠመቀው። አንዲት ቃል ብቻ! የገልባጩ ሹፌር አንዲት ቃል ቢናገር የራሱ ጥፋት ባይጠፋ እንኳ ሸክሙን የሚጋራው ሰው ያገኝ ነበር።

«ዝም ብዬ ነው የታጠፍኩት» አለ ሹፌሩ።

ዳኛዋ ይህን የበለጠ ጥፋት አድርገው መዘገቡት፤ ለቅጣት ውሳኔም ለሳምንት ተቀጠረ። እጁ በካቴና እንደታሰረ በኮሪደሩ ሲወስዱት ባለመብራቱ ፊት ደረሰና ጠጋ አለ። «ሹፌር ሹፌርን አይሰጥም» አለው በሹክሹክታ። «አንተ አይደለህ ያስተማርከን? ይቅር በለኝ ወንድሜ። አልቆም አለኝ... በልጆቼ ይዤሃለሁ፣ አልቆም አለኝ!»

ይቅርታ የሚለምነው ማን ነበር? ይቅርታ የሚለመነውስ ማን ነበር?

ሲመለሱ ባለመብራቱ ሚኒባሱን ይነዳል፤ ሚስቱ ጋቢና፣ ወንድሙ ከኋላ ተቀምጠዋል። ከፊት ለፊት አንዲት ነጭ ታክሲ መጣችና መብራቷን ሁለት ጊዜ ብልጭ አድርጋ አለፈች። የባለመብራቱ እጅ ሳያዛት፣ ሳይጠይቃት፣ ከመሪው ብድግ ብላ አመሰገነች።

ሚስቱ እጁን አየች። እጁ አየር ላይ ቀርታ ነበር።

«ትራፊክ አለ ነው ያለህ?» አለችው።

«አዎ።»

«አንተስ ያን ዕለት... ዋናው መንገድ ላይ አልነበርክም?»

ሊዋሽ አፉን ከፈተ። ውሸቱን ግን ተወው። መኪናውን ዳር አውጥቶ ግንባሩን መሪው ላይ ጣለና ሁሉንም ነገራት፤ የፍሬን ሸራውን፣ መታጠፊያውን፣ ብልጭታውን፣ ፈገግታውን እንኳ አልደበቃትም። ወንድሙ ከኋላ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። እሷ አልጮኸችም፣ አልመታችውም። ለረጅም ጊዜ በመስታወቱ መንገዱን ስታይ ቆየች።

«ሳትሻገር ግራና ቀኝ አየች» አለች በመጨረሻ። «አንተ ግን አንዴ እንኳ አላየህም።»

በሩን ከፍታ ወረደች፣ በእግሯም ሄደች። በማግስቱ ማሽኗን አስጭና እህቷ ዘንድ ገባች። እጅጌ የጎደለው ዩኒፎርም ግን ከግድግዳው ምስማር ላይ ቀረ፤ ትታው ይሁን ረስታው አልታወቀም።

ባለመብራቱ በቀጠሮው ቀን ዳኛዋ ፊት ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። አስሩኝ አለ፣ ለመነ። ዳኛዋ ሕጉን አገላበጡ። ለሁለት ብልጭታ የሚሆን እስር አልነበረበትም። ለገልባጩ ሹፌር የእስር ዓመታቱን ፈረዱበት፤ ሦስቱ ልጆቹ ከችሎቱ በር ላይ እየተንሰቀሰቁ ቀሩ። ባለመብራቱን ግን «ወደ ቤትህ መሄድ ትችላለህ» አሉት። የትኛው ቤት?

ሰዎች ዕድል ነው ይላሉ። የተጻፈባት ቀን ናት፣ ከመጣ የሚመልሰው የለም እያሉ ያጽናኑታል። እኔ ግን ዕድልን መብራት ስታበራ አይቻት አላውቅም። በየቀኑ በትንሹ የምንደጋገፍበት ጥፋት ተጠራቅሞ አንድ ቀን አንዱን ቤት ሲያፈርስ ነው ዕድል ብለን የምንጠራው፤ ስም ማውጣት ደግሞ ከመጸጸት ይቀላል።

ጋራዡ በር ላይ ክርክሩ ዛሬም አለ። ባለመብራቱ መንዳት ትቶ ለወንድሙ ዕቃ ያቀብላል። በቅርቡ አንድ አዲስ ሹፌር ጎማው ላይ ተቀምጦ፣ ፍሬን ሳይኖረው እንዴት ከትራፊክ እንዳመለጠ እየሳቀ ሲያወራ፣ ባለመብራቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራው ቀና አለ።

«ያመለጠ መኪና የት እንደሚሄድ ታውቃለህ?» ሲል ጠየቀው።

«ወደ ቤቱ ነዋ!» አለ አዲሱ ሹፌር ሳቁን ለቆ።

ማንም አልሳቀም። መካኒኩ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«አዎ» አለ ባለመብራቱ። «ወደ ቤቴ ነው የሄደው።»