የእንድርያስ ደብዛዛ ኮከብ

በ1997 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ የፊዚክስ መምህሩ እንድርያስ፣ ደሴ ከተማ ሸርፍ ተራ ሰፈር ከተከራየው ቤት ሥር ማለዳ ወድቆ ሞቶ ተገኘ። ኢንስፔክተር ሸዋረጋ ስትደርስ ሰፈርተኛው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። መቼም ሰው ሬሳ ፊት ቆሞ ዝም ማለት አይሆንለትም! ገሚሱ ራሱን ጣለ ይላል፤ ገሚሱ ተገፋ።

ሚስቱ አልታየች ያገኘችውን ሁሉ አንድ ነገር ትለምን ነበር፤ ራሱን አልጣለም በሉኝ። ማታ ተጣልተዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ እኔን ትተህ ሰማይ ስታይ ኖርክ ብትለው፣ ደብተሩን ይዞ ወደ ቤቱ ሰገነት ወጣ። 

«ሀጂ ሀምዱ ነው የገፋው» አለች። ጎረቤታቸው የሆኑት አከራያቸው ሀጂ ሀምዱ በሰገነቱ ጉዳይ ከእንድርያስ ጋር ሲነታረኩ ሰፈሩ ያውቃል።

ሸዋረጋ ወጥታ አየች። ሰገነቱ ዳር ዳሩ መከለያ የለውም። ቴሌስኮፑ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ወንበሩም ደብተሩም ንቅንቅ አላሉም። ትግል አልነበረም። ከወንበሩ በላይ አምፖል በጠራራ ፀሐይ ይበራል፤ በለቅሶው መሀል ማን ልብ ይበል! ደብተሩ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ አንዲት ኮከብ ብቻ የተጻፈበት ነው፤ የትናንቱ ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ተቋርጧል።

ደብተሩን ሲመኝ የኖረው ጓደኛው መምህር ከፍያለው ከኮምቦልቻ ተጠራ። ትናንት ደሴ ውሎ ሳይመሽ ወደ ኮምቦልቻ መመለሱን የሚኒባሱ ረዳት መስክሮለታል።

«ኮከቧ ግዙፍ ናት» አላት። «ከፀሐይ ሠላሳ እጥፍ ትሰፋለች። ግን ቀይ ናት፤ ከፀሐይ የቀዘቀዘች። ያደበዘዛት ርቀቷ ነው። እሷን ለማየት ዓይን ግማሽ ሰዓት ጨለማ መልመድ አለበት። ክብሪት ቢጭሩ እንኳ ትጠፋብዎታለች።»

«አምፖሉስ?»

«ሁልጊዜ መጀመሪያ እሱን ይፈታል። ሲጨርስ ይመልሰዋል።»

ሀጂ ሀምዱ ደግሞ ወላሂ ብለው ማሉ። ጠባቸው እሳቸው መከለያ ላሠራ ሲሉ፣ እንድርያስ የሲሚንቶው አቧራ የቴሌስኮፔን መስታወት ያበላሻል እያለ ስለከለከላቸው ነው። ማታ ሰፈሩ መብራት ጠፍቶበት ነበር።

«ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሲመጣ ልጆቹ ‹መጣ!› ብለው ጮኹ። ወዲያው ድው ሲል ሰማሁ። ጆንያ የወደቀ መስሎኝ ዝም አልኩ» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከሰዓት በኋላ ሸዋረጋ ሦስቱን ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«እንድርያስን የገፋው የለም» አለች። «ሊሞት የወጣ ሰውም ኮከብ መዝግቦ ዓረፍተ ነገሩን መሀል ላይ አይተወውም። ያን ሰገነት በጨለማ አሥራ አንድ ዓመት ተመላልሶበታል፤ ጨለማ አይጥለውም። ትናንት ግን ከተማው ጨልሞለት ደስ ብሎታል። መብራት በሌለበት ማን አምፖል ይፈታል? ሳይፈታው ተቀመጠ። መብራቱ ድንገት ሲመጣ አምፖሉ ዓይኑ ላይ በራ። ታውሮ ተነሣ፤ መከለያ ወደሌለው ዳር ረገጠ። ሀጂ የሰሙት እሱን ነው።»

 ከፍያለው የአምፖሉ ማብሪያ የት እንደሆነ ጠየቀ። ሸዋረጋ ባትመልስ በወደደች። ማብሪያው ያለው ከአልታየች መኝታ በር አጠገብ ነው፤ ትናንት ማታ እዚያ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

አልታየች ቀስ ብላ ቀና አለች።

«እኔ ነኝ ጫን ያደረግኩት። እንደተጣላን ጥሎኝ ሲወጣ ሆዴ አልችል አለ። መብራት ከመጣ ደረጃው እንዲታየው ብዬ ነው። አምፖሉን እንደሚፈታ አላውቅም ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አብሬው ወጥቼ አላውቅም።»

ሀጂ ሀምዱ፣ ጠዋት ገዳይ የተባሉት ሰው፣ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። «አብሽሪ እህቴ፣ ቀዷ ነው፤ የአላህ ውሳኔ ነው» አሏት። እሷ ግን ሸዋረጋን ብቻ ታያለች።

«ራሱን አልጣለም ማለት ነው?»

«አልጣለም፣ እትዬ።»

«ጌታ ይባርክሽ» አለቻት። የለመነችውን አግኝታለች። ከዚያ ተነሥታ መኝታ በሯ አጠገብ ያለውን ማብሪያ በገዛ እጇ አጠፋችው።