ሰው የማይኖርባት አርባ አንደኛዋ ፕላኔት

መጀመሪያ ያየሁት ጀርባውን ነው። ምድር ቤት፣ የጌም ሞካሪዎቹ ክፍል ጥግ ላይ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ የወረድኩት ልጣላው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንሠራው የጠፈር ጦርነት ጌም ነው። ተጫዋቹ ፕላኔት ይይዛል፣ ሕዝብ ያሰፍራል፣ መርከብ ይሠራል። ፕላኔቶቹን የምሠራቸው እኔ ነኝ። ከሁለት መቶው መቶ ስልሳው ሰው የማይኖርበት ነው፤ አንዱ በረዶ፣ አንዱ እሳት፣ አንዱ መርዝ። ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም።

ሰኞ አለቃችን ጠራኝና «እስከ ዓርብ ሥራ ፈልጊላቸው፤ ካጣሽ ይጥፉ» አለኝ።

ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ፣ የሁለት ዓመት ምሽቴን የበሉት እነዚያ ፕላኔቶች ናቸው።

የመርከቦቹን እንቅስቃሴ የሚይዘውን መዝገብ ሳገላብጥ አንዲት መርከብ በየቀኑ በምሳ ሰዓት አርባ አንደኛዋ ፕላኔት ጀርባ ቆማ አገኘሁ። የጌሙ ስህተት ነው ብዬ ደመደምኩ። ማንንም ሳልጠይቅ፣ ሰው አልባ ፕላኔት አጠገብ የቆመ መርከብ ሁሉ እንዲባረር አደረግሁ። ማክሰኞ መርከቧ ተባረረች፤ ተመለሰች። ተባረረች፤ ተመለሰች። አሥራ ሰባት ጊዜ! የሚነዳት ከሞካሪዎቹ አንዱ መሆኑን ከመዝገቡ አየሁ። ያኔ ነው ደሜ ፈልቶ የወረድኩት።

«ምን እየሠራህ ነው?» አልኩት።

ማዳመጫውን አወለቀ። ዓይኖቹ ደክመዋል። «የምታባርሪኝ አንቺ ነሽ?»

«ሥራህ መሞከር ነው፤ ቆሞ መዋል አይደለም።»

«እሺ» አለ። ማዳመጫውን መልሶ ደፋ። ምነው በሰደበኝ ኖሮ።

ሐሙስ ጠዋት ጨንቆኝ ያልተነበቡ የሞካሪዎች ማስታወሻዎችን ከፈትኩ። መዝገብ እንጂ የሰው ቃል የማንበብ ልማድ የለኝም። የእሱ ከሦስት ሳምንት በፊት የተላከ ነበር።

«ሕዝብ ያለባቸው ፕላኔቶች ጫጫታ የመርከቤን ሬዲዮ ያፍነዋል። አርባ አንደኛዋ ግን ሰው ስለሌለባት ጸጥ ያለች ናት። እዚያ ስቆም በሩቅ መርከቦች ያሉ ተጫዋቾች የሚያወሩትን ሁሉ እሰማለሁ። የሠራትን ሰው አመስግኑልኝ።»

የጫጫታውን ደንብ ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ባዶዎቹ ፕላኔቶች የጠላትን ወሬ መስሚያ እንደሚሆኑ ግን አልታየኝም ነበር። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩ። ወንበሩ ባዶ ነው።

«ኮንትራቱ ትናንት አለቀ እኮ» አለችኝ አጠገቡ የምትቀመጠው ሞካሪ።

ዓርብ፣ ባዶዎቹ ፕላኔቶች ወሬ መስሚያ ይሁኑ የሚለውን ሐሳብ፣ የእሱ መሆኑን ተናግሬ አቀረብኩ። ፕላኔቶቹ ተረፉ። ሁሉም አጨበጨበልኝ፤ እኔ ግን እንደዚያ ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ስልክ ቁጥሩን መጠየቅ እችል ነበር... አፈርኩ።

ጌሙ ለሕዝብ ሲለቀቅ የፕላኔቶቹ ሠሪ መሆኔን የጻፍኩበትን የራሴን መርከብ አርባ አንደኛዋ ጋ አቆምኩ። በየቀኑ፣ በምሳ ሰዓት። እህቴ «ሰው አጥተሽ ድንጋይ ትጠብቂያለሽ?» ብላ ቀለደችብኝ። እውነቷን ነው።

በዘጠነኛው ቀን አንዲት መርከብ መጥታ አጠገቤ ቆመች። መልእክት መጣ።

«ዛሬስ አልባረርም?»

ወዲያው መለስኩለት። «አትባረርም። ማስታወሻህን ሳላነብ ነው ያባረርኩህ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

መርከቧን ወደ መርከቤ አስጠጋ።

«ብቻዬን መብላት አልወድም» ብሎ ጻፈ። «እዚያ የምቆመው ምሳዬን እየበላሁ የሰው ድምፅ ለመስማት ነበር። ስታባርሪኝ ግን ረሃቡም ጠፋ።»

አለቀስኩ። ከልቤ የመጣውን ጻፍኩ። «እኔም ብቻዬን ነው የምበላው። ነገ ቢሮ ና።»

መጣ። ምሳውን በዕቃ ይዞ፣ ምድር ቤት ሳይሆን እኔ ጠረጴዛ ጋ። ተቀምጦ ዕቃውን ከፈተ። ከዚያ ከሳህኔ ላይ ድንች አነሳና «ጨው የለውም» አለኝ። ሳቅሁ።

ይኸው ዓመት ሆነን። አርባ አንደኛዋ ፕላኔት ጀርባ በምሳ ሰዓት ዛሬም ሁለት መርከቦች ቆመዋል። ባለቤቶቻቸው ግን እዚያ የሉም፤ ምሳ እየበሉ ነው።