የግራዝማች ሀብተወልድ መኪና

ግራዝማች ሀብተወልድ የሞቱት ከቡታጅራ ወደ ቆሼ በሚያወርደው መንገድ፣ ከኩርባው ሥር ነው። በ1963 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ሰው ወደ ገበያ በሚወጣበት ማለዳ፣ ቀይዋ መኪናቸው ከመንገዱ ወርዳ ግራር ላይ ተደግፋ ተገኘች። እሳቸው መሪው ላይ ተደፍተው ነበር።

ያቺን መኪና አገሩ ሁሉ ያውቃታል። ባለ ሁለት ወንበር፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ለእሽቅድምድም የተሠራች ናት። ግራዝማች አዲስ አበባ ካለ አንድ አርመን ገዝተው ሲያመጧት ያኔም አሮጌ ነበረች። በቅርቡ ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣዋ፣ የሞተሩ ትኩስ ዘይት እየዞረ የሚበርድባት ትንሽ ራዲያተር፣ አርጅታ ታንጠባጥብ ጀመር። የከተማው መካኒክ ጀማሉ አሮጌዋን ነቅሎ በአዲስ ተካት። ግራዝማች በማግስቱ መኪናቸውን አስነሥተው ወጡ፤ በሕይወት አልተመለሱም።

የኋላው ጎማ በዘይት ተነክሯል። የአዲሷ ማቀዝቀዣ የቧንቧ ብሎንም ላልቷል። የከተማው ፖሊስ ከዚህ በላይ አላስፈለገውም፤ ጀማሉን አሰረው። የጀማሉን አባት ከመሬታቸው ያፈናቀሉት ግራዝማች መሆናቸውን ደግሞ የማያውቅ አልነበረም።

ነገሩን እንዲያጣራ ከወልቂጤ የተጠራው ሻምበል አለሙ ዝምታ የሚያበዛ ሰው ነበር። መጀመሪያ ወደ መኪናዋ ገብቶ ማርሹን ነካ፤ ዜሮ ላይ ነበር። ከዚያ ጎማውን በነጭ መሐረቡ ጠረገ፤ መሐረቡ እንደ ጥላሸት ጠቆረ። በመጨረሻ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ። ዘይቱ እስከ ላይኛው ምልክት ደርሷል፤ መልኩም ማር ይመስላል። ዘንጉን መልሶ መሬት መሬት እያየ ዳገቱን ሽቅብ ወጣ።

«ምን ይፈልጋሉ፣ ሻምበል?» አለ የተከተለው ሃምሳ አለቃ።

«የማላገኘውን ነገር። አስከሬኑ የተጎዳው ምኑ ላይ ነው?»

«ማጅራታቸው ላይ ነው።»

ሻምበል አለሙ ራሱን ነቀነቀ።

ጀማሉን በእስር ክፍሉ ግድግዳ ሥር ተቀምጦ አገኘው።

«ብሎኑን አጥብቀሃል?»

«አጥብቄያለሁ፣ ጌታዬ። ሞተሩን አስነሥቼ ከሥር ተኝቼ አየሁት። ጠብ ያለ ነገር የለም።»

«ግራዝማችን ትጠላቸው ነበር?»

«እጠላቸው ነበር። አባቴ በሰው ማሳ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ነው የሞተው። ግን ልግደላቸው ብል ከተማው ሁሉ በሚያውቀው በገዛ እጄ ሥራ ነው?»

«ከሞተሩ የወጣውን አሮጌ ዘይት የት ደፋኸው?»

«አልደፋሁትም። ዳምጤ በቆርቆሮ ወሰደው። የግራዝማችን ግቢ አጥር ሊቀባበት፤ ምስጥ ቋሚውን እየበላ አስቸገረኝ ብሎ።»

ዳምጤ የግራዝማች ቤት አዛዥ ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ ፀጉሩ ሸብቷል። ሻምበሉ ሲደርስ ጓሮ አገኘው፤ በአጥሩ ዳር እየተራመዱ አወሩ።

«የዚያን ዕለት ጠዋት የት ነበሩ፣ አቶ ዳምጤ?»

«የት እሄዳለሁ? እዚሁ ቋሚ ስተክል።»

አዲሶቹ ቋሚዎች ነጫጭ ናቸው። የምስጥ አፈር ከሥራቸው ሽቅብ መውጣት ጀምሯል። ሻምበል አለሙ አንዱን ዳበስ አድርጎ ጣቱን አየና ወደ ቤት ገባ።

የግራዝማች ሚስት ወይዘሮ እሌኒ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች።

«ባለቤትዎን የሚጠላ ማን ነበር?»

«የማይጠላውን ቢጠይቁኝ ይቀለኝ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት በዚያች መኪና የዳምጤን ልጅ ገደለ። የሺመቤት ትባላለች፤ ሠርጓ ደርሶ ነበር። ሽማግሌ ገባ፤ ጀማሉ የፍሬን ብልሽት ነው ብሎ ማለ፤ እርቅ ወረደ። ዳምጤም ይኸው ቤታችንን አልለቀቀም።»

በሣልስቱ፣ ለቀስተኛው ሲበተን፣ ሻምበል አለሙ ሦስቱንም ሳሎን ውስጥ ሰበሰባቸው። ጀማሉ እጁ በካቴና ታስሮ መጣ።

«ዘይቱ ከሞተሩ ፈሶ ጎማውን አንሸራተተ ተብሏል» ሲል ጀመረ ሻምበሉ። «ሞተሩ ግን ሙሉ ነው፤ ምንም አልጎደለበትም። ከግቢው በር እስከ ኩርባው ድረስ መንገዱ ላይ የዘይት ጠብታ የለም። ደግሞም ጀማሉ የሞላው ዘይት አዲስና ጥርት ያለ ነው። ጎማው ላይ ያለው ጥቁር፣ የተቃጠለ ዘይት ነው። ስለዚህ ዘይቱን ያፈሰሰው ሰው ነው፤ ብሎኑንም ያላላው እሱ ነው።»

ሻምበሉ ሦስቱንም በየተራ አየና ቀጠለ።

«በፍጥነት የሚነዳ ሰው ማርሹን አውጥቶ አይነዳም። መኪናዋ ቆማ ነበር፤ ከዚያ ወደ ቁልቁለቱ ተገፋች። ግራር የገጨ ሰው ደግሞ ግንባሩን እንጂ ማጅራቱን አይጎዳም። ግራዝማች አንድ የሚያምኑት ሰው አስቁሟቸው ወረዱ፤ ከኋላ ተመቱ፤ ገዳያቸውም አስከሬናቸውን መልሶ መሪው ላይ አስደገፈው። አቶ ዳምጤ፣ የወሰዱት አሮጌ ዘይት የት ገባ?»

«ምን ዘይት?»

«ቆርቆሮውን ይዘህ ስትገባ አይቼሃለሁ» አለች እሌኒ ቀስ ብላ። «ቤቱን በዘይት ሽታ እንዳትሞላው ብዬህ ነበር።»

«አጥሩ ደርቋል» አለ ሻምበሉ። «አንዱም ቋሚ አልተቀባም።»

ዳምጤ ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። ሲናገር ለጌታው ይሰጥ የነበረውን አንቱታ ተወው።

«ሦስት ዓመት በር ከፈትኩለት። ልጄን የመታባትን መኪና በጨርቅ አሸሁለት። የዚያን ዕለት መንገድ ላይ አስቆምኩት፤ ምነው ዳምጤ ብሎ ወረደ። የልጄን ስም ጠየቅኩት። ሊያስታውሰው አልቻለም። ደግሞ ለዚህ ነው እንዴ ያስቆምከኝ ብሎ ፊቱን አዞረ። ያኔ መታሁት።»

«ጀማሉስ ምን አደረገዎት?»

«እሱን በእጄ መግደል አልፈለግኩም። ልጄን ገድለው መኪናዋ ናት አሉኝ። እሱ ማለና እኔን ከገዳይዋ ጋር እጅ አጨባበጠኝ። እሱንም መኪናዋ የስቅላት ገመድ ውስጥ እንድታስገባው ነበር የፈለግኩት።»

ሃምሳ አለቃው የጀማሉን ካቴና ፈታ። ጀማሉ ግን ከተቀመጠበት አልተነሣም። ዳምጤ አተኩሮ ያየው ነበር።

«ፍሬኑ ደህና ነበር» አለ ጀማሉ በመጨረሻ፣ አንገቱን ደፍቶ። «በፍጥነት ሲነዱ ነው የመቷት። የአባትህን መሬት እመልስልሃለሁ አሉኝና ማልኩ። አልመለሱልኝም።»

«ጮክ በል» አለ ዳምጤ። «እሜቴም ይስሙ፤ በረንዳው ላይ ያሉትም ይስሙ።»

ጀማሉ ቀና ብሎ፣ ጮክ አድርጎ ከመጀመሪያው ጀምሮ ደገመው። በረንዳው ላይ የቀሩት ለቀስተኞች ወሬያቸውን አቆሙ። እሌኒ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ዳምጤ ተነሣና ሁለት እጁን ለሃምሳ አለቃው ዘረጋ።

«አሁን ቀለለዎት?» አለው ሻምበል አለሙ።

«አልቀለለኝም» አለ ዳምጤ። «ሰው ግን ሰምቷል።»